በትከሻው ላይ የቀረችው እጅ

ያችን እጅ የወዳጅነት ምልክት አድርጌ ተረድቻት ነበር። በዘፈን ሸክላችን ሽፋን ላይ፣ በዘፋኛችን በሰማታር ግራ ትከሻ ላይ አርፋ፣ ከአንጓዋ ተቆርጣ ባለቤት አልባ የቀረች እጅ ነበረች። ክረምቱን ሙሉ ባየኋት ቁጥር፣ ወዳጄ ከሁሉም መካከል እኔን ለይቶ ያስቀረኝ እየመሰለኝ በልቤ እኮራ ነበር። እጇ የእኔ ናት፤ በልጅነቴ ተሰብራ ጠማማ የቀረችው ትንሿ ጣት ትመሰክራለች።

አምስት ነበርን፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በባቡር ሠራተኞች ክበብ ለዳንስ የምንጫወት። ሰማታር ይዘፍናል። ኢድል ከበሮ ይመታል። ሁለት ወንድማማቾች ጊታርና ሳክስፎን ይዘዋል። እኔ አለምብርሃን፣ በሥራ ቀን የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ተርጓሚ፣ በእሑድ ግን አኮርዲዮን ተጫዋች ነበርኩ። በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. አንድ የአዲስ አበባ ሸክላ አሳታሚ አንዱን ዘፈናችንን ሊያወጣልን ፈቀደ። ግጥሙ የእኔ፣ ዜማው የሰማታር፣ ምቱ የኢድል ነበር፤ ማን ምን እንደጨመረበት ግን ከጊዜ በኋላ እኛም መለየት አቅቶን ነበር። ስለዚህ ቃል ተገባባን፦ በሽፋኑ ላይ አምስታችንም በአንድ ረድፍ እንቆማለን፣ ከፊት የሚወጣ አይኖርም።

ከዚራ ሰፈር ፎቶ ቤት የነበረው ክፍሉ የሚባል ፎቶ አንሺ ደቻቱ ወንዝ ድረስ ወርዶ አነሳን። ወንዙ ደርቆ አሸዋው ያንጸባርቅ ነበር። አንዳንድ እግራችንን አንሥተን፣ እያንዳንዳችን እጃችንን በጎረቤታችን ትከሻ ላይ ጣል አድርገን ቆምን። ሰማታር መሐል ነበር፤ እኔ በግራው። ድምፃችንን የቀዳንበትን ቴፕና ፎቶግራፉን ይዞ በባቡር አዲስ አበባ የወጣውም ሰማታር ነው።

ሸክላው ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ደማቅ ቢጫ ነበር። በቢጫው ላይ ሰማታር ብቻውን፣ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ከሥሩ አሸዋም ምድርም ሳይኖር ተንሳፍፏል። ስሙ በቀይ፣ የሚሮጡ በሚመስሉ ዘመም ያሉ ፊደላት ተጽፏል። በትከሻው ላይ ያቺ እጅ አለች።

ኢድል ሽፋኑን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ መልሶ ገለበጠው።

«እኛስ? ጎርፍ ወሰደን?»

«ወላሂ አሳታሚዎቹን ለመንኳቸው!» አለ ሰማታር። «የዳንስ ሸክላ ከአንድ ሰው በላይ አይችልም አሉኝ። የአለምብርሃንን እጅ እንኳ ተጣልቼ ነው ያስቀረሁት።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ለእሱ ጥብቅና የቆምኩት እኔ ነበርኩና። ቤቴ ሄጄ በጅቡቲ በኩል የመጡልኝን ሸክላዎች ተሸክሜ መጣሁና በክበቡ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። እንጉርጉሮ የያዘ ሸክላ፣ አልኳቸው፣ ፊት ይፈልጋል፦ በቅርብ የተነሣ፣ ዓይኑን የሰበረ፣ ጥላ የወረሰው ፊት። የሚያስጨፍር ሸክላ ግን የሚሻው አካልን ነው። አካሉም አንድ መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው ጉባኤ እንጂ ጭፈራ አይመስልም። ፊደሉ ዘመም የሚለው ዓይን ከጆሮ ቀድሞ ምቱን እንዲሰማ ነው። ምድሩም ከፎቶው የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገዢው የገዛ ቤቱን ወለል ከዘፋኙ እግር ሥር እንዲያነጥፍ ነው። አንድ በአንድ እያነሣሁ አሳየኋቸው። ሁሉም እንዳልኩት ነበሩ።

«አቦ!» አለ ኢድል። «አንተ ደግሞ ብትሰረቅ እንኳ ለሌባው መጽሐፍ ትጠቅስለታለህ!»

ሳቅን። ወንድማማቾቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ ኢድልም ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሣውም። ሰማታር ጥግ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር። ዓይነ አፋርነት መሰለኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ሸክላው ዳግመኛ ታተመ። በአዲሱ ሽፋን ላይ እጇ የለችም። በቦታዋ ከትከሻው ላይ የወረደ ቀይ ሻሽ ተስሎባታል። ደሜ ፈላ፤ የፈላው ግን በአሳታሚው ላይ ነበር። ሰማታር ተጣልቶ ያስቀረልኝን ነገር ሳያማክሩት የደመሰሱበት መሰለኝ። እጇ በግልጽ የምትታይበት ሌላ ፎቶግራፍ አሳጥቤ ልልክላቸው ፎቶ አንሺው ክፍሉ ዘንድ ሄድኩ።

ክፍሉ ነገሬን እስክጨርስ ብሩሹን በጨርቅ ሲወለውል ቆየ።

«እሷማ መጀመሪያም እንድትጠፋ ነበር» አለኝ።

«አሳታሚዎቹ ናቸው እንዲህ ያሉት?»

«የምን አሳታሚ? ሙሉውን ፎቶ መች አዩትና! ከዚህ ሲወጣ ሰማታር ብቻውን ነበር ያለበት።» በአገጩ ወንበሩን አሳየኝ። «እዚህ ተቀምጦ፣ በእኔ ምላጭ፣ ራሱ ነው የቆረጣችሁ። አንተ ጋ ሲደርስ እጅህ አስቸገረችው፤ እሷን ላንሣ ቢል ትከሻው አብሮ ሊሄድበት ሆነ። ‹ቀለም ቀባባት› አለኝ። ቀለሙ እስኪደርቅ ባቡሩ አይጠብቅህም አልኩት። ለሁለተኛው ኅትመት ግን ጊዜ ነበረውና ሻሹን ቀባሁለት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ክበቡ ውስጥ ያንን ሁሉ ስታስረዳቸው ነበርኩ እኮ። ተስማምታችሁ ያደረጋችሁት መስሎኝ።»

ከመሳቢያው አንድ ቁራጭ ፎቶግራፍ አወጣልኝ። ደቻቱ ነበር፤ አሸዋው በሙሉ እዚያ ቀርቷል። አራት ሰዎች እግራቸውን አንሥተው ይስቃሉ። በመሐላቸው የሰው ቅርጽ ያለው ባዶ ነገር አለ። የእኔ ክንድ ወደዚያ ባዶ ተዘርግቶ አንጓው ላይ ያልቃል። ፊቴ ግን ምንም ሳያውቅ ይስቃል።

ሰማታርን ሸክላችን ከሚሸጥበት ሙዚቃ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ቁራጩን ጉልበቱ ላይ አኖርኩለት። አየው፤ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም።

«ወሪያ አንተ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ» አለኝ።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«አምስት ሰው ማን ያስታውሳል? ንገረኝ እስቲ! ሰው አንድ ስም ነው የሚይዘው። አንዳችን ካልወጣን አንዳችንም አንወጣም።»

«ይህንኑ ፊት ለፊት ብትነግረን ምን ነበረበት?»

«እምቢ ብትሉኝስ?»

«‹እጅህን ተጣልቼ ነው ያስቀረሁት› ያልከኝስ?»

ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ የከፋኝም እሱ ነው።

«እኔ የዋሸሁት አንዲት ነገር ናት፣ አለምዬ። የቀረውን አንተ ነህ የሞላህልኝ። ሸክላህን ሁሉ ተሸክመህ ስትመጣ እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ ወላሂ፣ ልክ ነበርኩ እንዴ አልኩ። እነ ኢድል እኔን ቢሆን ይመቱኝ ነበር። አንተን አመኑ።»

ስለ ሽፋኖቹ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ዛሬም ብጠየቅ አንዱንም አላጥፍም። ነገር ግን እውነቱን የሰበሰብኩት ወዳጄ እንዳልካደኝ ለማመን እንጂ ስለ ሸክላ ለማወቅ አልነበረም። እሱ በምላጭ የጀመረውን እኔ በዕውቀት ጨረስኩለት፤ ሦስቱን ሰዎች ከሽፋኑ ያወጣቸው እሱ ቢሆን፣ መውጣታቸውን ያስወደድኳቸው እኔ ነኝ። ቁራጩን ከጉልበቱ አንሥቼ ሄድኩ። ከኋላዬ ስሜን ጠራ፤ አልዞርኩም።

በማግሥቱ ኢድልንና ወንድማማቾቹን በክበቡ በር ላይ አገኘኋቸው። ቁራጩን ሰጠኋቸውና የቆረጠን ሰማታር መሆኑን፣ ያን ቀን በሸክላዎቼ ያስረዳኋቸውም ለውሸት እንደዋለ ነገርኳቸው። ኢድል ፎቶግራፉን ወደ ብርሃን አቅንቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«እኔስ አምሮብኝ ነበር» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁለተኛ እንዳታስረዳን» አለኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አራታችን ያለ ሰማታር ተጫወትን፤ ያንን የሸክላውን ዘፈን አልነካነውም።