የኔሬይዳ ቃለ ጉባኤ

መምህር ኤቬሊዮ በስብሰባው አዳራሽ ተቀምጦ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ነካ አደረጋት። ግለ ሂሱ ናት። ጠዋት የጻፈችለት ሚስቱ ኔሬይዳ ነች፤ «ለምዕራባውያን ባህል በማጎብደድ ተማሪዎቼን አሳስቻለሁ፤ እጸጸታለሁ» ትላለች ወረቀቷ። አንብቧት ቁጭ ካለ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የጥንት ታሪክ ያስተማረበት ክፍል ይቀርለታል። ካላነበባት ግን በስልሳ ዓመቱ ሸንኮራ አገዳ ቆረጣ ይላካል።

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ብላው ነበር፣ ሸሚዙን እየተኮሰችለት። እሱም በበኩሉ አስምሏታል፤ ነገሩ ከተበላሸ፣ ሁለቱም ሥራ ፈት ከሚሆኑ፣ እሷም ይባረር ብላ እጇን እንድታወጣበት። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናትና አሁን ከመድረኩ ሥር ተቀምጣ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ቀና ብላ አላየችውም።

«ጓድ ኤቬሊዮ፣ ተነስ!» አለ ሰብሳቢው ራይሙንዶ። የገዛ ተማሪው ነበር፤ እስካለፈው ወር ድረስ «እርስዎ» ነበር የሚለው። «አቋምህን ለጉባኤው ንገር። የኛ ነህ ወይስ የነሱ?»

ኤቬሊዮ ወረቀቷን አውጥቶ ዘረጋ።

«ቅድመ አያትህን በሰንሰለት ጠፍሮ እዚህ ደሴት ላይ የጣለው ማን ሆነና ነው?» ራይሙንዶ ቀጠለ። «አንተ ዛሬም ጫማቸውን ትወለውላለህ። ቆዳህ ጥቁር፣ ልብህ ነጭ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሳቅ አንገበገበው። ወረቀቷን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሳት።

«ማን እንደጣለው አውቃለሁ» አለ። «የአያቴን ጀርባ ጠባሳ በእነዚህ ጣቶቼ ዳስሻለሁ። ግን ሰው ሳይሰማ አይፈረድበት፣ ለብቻው ስላሰበም አይወገዝ የሚለውን ያነበብኩት ከነሱው መጻሕፍት ነው። ጅራፉን ጥዬ መጽሐፉን አነሳሁ። አቋሜ ይኸው ነው። ለማንም አላጎበድድም፤ ለእናንተም ጭምር። ደግሞ ራይሙንዶ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልከው ባለ ጢሙ ፈላስፋስ እዚሁ ደሴታችን ላይ፣ ካማጉዌይ ነው እንዴ የተወለደው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ በሳል አድበሰበሰው።

የራይሙንዶ ፊት ጠቆረ። «ይባረር የምትሉ!»

እጆች ወጡ። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ ሁሉም። ኤቬሊዮ ሚስቱን ተመለከተ። አንገቷን እንደደፋች ትጽፋለች። ተናደደባት፤ ምላለት ነበር እኮ። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ፍርሃት አለ፤ ለእሷ ፈራ።

«ጓዲት ኔሬይዳ፣ እጅሽስ?»

«ሥራ ይዟል» አለች።

«ምን ሥራ?»

«ያለውን እየጻፍኩ ነው።»

«ሰርዢው! "ጥፋቱን አላመነም" ብለሽ ዝጊው!»

ኔሬይዳ ገጹን ገለጠች፤ ብዕሯን አራግፋ ወደ ባሏ ዞረች።

«"ለእናንተም ጭምር" እስካልከው ድረስ ይዤዋለሁ» አለች፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «የቀጠለው አምልጦኛል። ቀስ ብለህ ድገምልኝ።»

የወጡት እጆች ገና አልወረዱም ነበር።