ወልደ ባልቻ

አቶ ወልደማርያም ቡታጅራ ውስጥ የአንድ እድር ሰብሳቢ በነበሩበት ዘመን ለእያንዳንዱ አባል ከነሐስ የተሠራች ክብ ምልክት አድለው ነበር። መጠኗ ሳንቲም ያክላል። በአንድ ፊቷ የእሳቸው መልክ ከነሪዛቸው፣ ከሥሩ ደግሞ ስማቸው ተቀርጿል። ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ ድንኳንና ወንበር የሚፈልግ አባል እሷን አሳይቶ ይወስዳል። ሰዉ «ወልዴ» እያለ ይጠራት ነበር። ወልዴን ቤት ረስቶ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ዘንድሮ በክረምቱ ምርጫ ወልደማርያም ወረዱና ባልቻ ተተካ። ባልቻ የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ ጢሙን በየማለዳው ሙልጭ አድርጎ ይላጫል፣ ዕድሜውም የወልደማርያም ልጅ ቢሆን የሚያምርበት ነው። ድንኳን ባዋሰ ቁጥር የተፎካካሪውን ፊት እያየ መቀበሉ አንገበገበው። አዲስ ምልክት እንዳያሠራ አባላቱ ለነሐስ አናዋጣም ብለውታል።

ዘዴውን ያገኘው ከደረጄ ነው። ደረጄ ከጎንደር መጥቶ ቡታጅራ አግብቶ የቀረ የታሪክ መምህር ነው። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጦ በስልኩ የጥንት ሳንቲም ፎቶ እያሳየ፣ ድሮ አዲስ የነገሠ ንጉሥ የቀዳሚውን ገንዘብ ሳያቀልጥ በላዩ ላይ የራሱን መልክ ያስመታ እንደነበር አወራ። ባልቻ ይህን ሲሰማ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ደረጄ ቀጥሎ፣ ልብ ብሎ ላየው በአዲሱ ንጉሥ አንገት ላይ የሟቹ ንጉሥ አፍንጫ ብቅ ብሎ እንደሚታይ ሲናገር የሰሙት የቀሩት ናቸው።

ወልዴዎቹን ከአባላቱ ሰብስቦ ብረት ሠሪው ሙባሪክ ዘንድ ወሰዳቸው፤ ሙባሪክም የባልቻን መልክና ስም መምቻ ማኅተም ላይ ቀረጸለት። ነሐሱ በእሳት ሳይለዝብ ከተመታ ግን የቀድሞው መልክ ጨርሶ እንደማይጠፋ፣ ማለዘቡም ጊዜ እንደሚፈልግ አስጠነቀቀው። ባልቻ ቸኩሏል። መስቀል ሲመጣ ከአዲስ አበባ የሚገባው ዘመድ ሁሉ ምልክቷን እንዲያያት ይፈልጋል። እንዳለ ምታው አለው፤ ሙባሪክም እንዳለ መታው።

ምልክቷ እንደገና ስትታደል መጀመሪያ የሳቀችው የባልቻ ሚስት አዛለች ናት። በባልቻ ልሙጥ ፊት ላይ የወልደማርያም ሪዝ ግራና ቀኝ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። ስሙም ጉድ ሆኗል። «ባልቻ» የሚለው ጽሑፍ «ማርያም» የሚለው ላይ አርፎ አጠፋው እንጂ «ወልደ»ን አልነካውም። ምልክቷ አሁን የምትለው «ወልደ ባልቻ» ነው፤ የባልቻ ልጅ።

ወልደማርያም ሲያዩዋት ፊታቸው ጠቆረ። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቧት። ከዚያ ወደ እንሰቱ ጓሮ ወጡና ቆይተው ሲመለሱ ፈገግ ብለዋል። ለሚስታቸው ለዘርፈሽዋል፣ ዘንድሮ በሬ እንደማይጥሉ ነገሯት። መስቀልን የሚውሉት አባታቸው ቤት ነው።

የእርዱ ዕለት ባልቻ ደጁ ሲንኳኳ ራሱ ከፈተ። ወልደማርያም ነጭ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው ዘርፈሽዋል፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ተሰልፈዋል።

«እንደምን ዋሉ አባባ» አሉት ጎንበስ ብለው። «ልጅዎ መጣሁ። መስቀል መቼም በአባት ቤት ነው።»

ባልቻ በሩን በግማሽ ይዞ ቆመ። አዛለች ግን መዝጊያውን ወለል አድርጋ ከፍታ ሁሉንም አስገባቻቸው። ባልቻ አዲስ ሰብሳቢ ነኝ ብሎ በሰፈሩ የሌለ ሰንጋ ጥሏልና የሥጋ እጥረት አልነበረም። ክትፎው በኮባ ቅጠል እየቀረበ አለቀ፣ ሌላ ተከተፈ። ወልደማርያም በጎረሱ ቁጥር የአባታቸውን ቤት ያመሰግናሉ። ወሬው ስለተሰማ ጎረቤቱ ቢላዋ ልዋስ፣ ጨው አለቀብኝ እያለ ገብቶ ይቀመጣል። ባልቻ ላቡን እየጠረገ ያስተናግዳል።

በመጨረሻ ወልደማርያም ተነሥተው ሽበታም ራሳቸውን ከባልቻ ፊት ዝቅ አደረጉ። ሳይመርቁኝ አልሄድም አሉ። ባልቻ ሚስቱን አየ፣ ጎረቤቱን አየ፣ ማምለጫ አጣ። እጁን ቀስ ብሎ ሽበቱ ላይ ጫነ።

«እደግ፣ ልጄ» አለ።

«አሜን» አሉ ወልደማርያም።

መጀመሪያ ያመለጠው የባልቻ ራሱ ሳቅ ነበር። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ሁለቱ ሰዎች ተደጋግፈው እንባቸውን ሲጠርጉ ታዩ።

ሲመሽ እንግዶቹ ለመሄድ ተነሡ። ዘርፈሽዋል በር ላይ ቆም ብላ፣ በዕድሜ ብዙ የምታንሳትን አዛለችን አቅፋ ሳመቻት።

«እንግዲህ አንቺን አማቴ ልበልሽ?» አለቻት።

አዛለች በቅባት የተጨማለቀውን የዕቃ ክምር በአገጯ አመለከተቻት።

«አማትሽ ከሆንኩማ አጥበሽ ነው የምትሄጂው።»