የቀስ በቀስ ተማሪ

መሐንዲሱ ወንድሙ ሲያገባ ከልቡ ደስ ብሎታል፤ ይህን ማንም አይነጥቀውም። በሠርጉ ቀን ላብ እስኪያጠምቀው ጨፈረ፣ የሙሽራውን ሻንጣ ራሱ ተሸክሞ መኪና ድረስ ሸኘ። ጉዱ የመጣው ቤቱ ተመልሶ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ያልተከራከሩበት ነገር አልነበረም። ጌም በኪቦርድ ነው የሚያምረው ወይስ በጆይስቲክ? ሶፍትዌር አፕዴት የሚደረገው እንደወጣ ነው ወይስ ሌላው ሰው ቀምሶት ካየ በኋላ? ታናሽየው «አንተ እኮ ድርቅ ያልክ ሰው ነህ» ይላል፤ ታላቅየው «ትናንት ተወልደህ አንተ ምን ታውቃለህ» ይላል፤ ራቱ ይቀዘቅዛል፣ ነገሩም ለነገ ያድራል።

አሁን ታናሽየው ከሚስቱ ጋር ሌላ ከተማ ገብቷል። ሲደውል «ደህና ነህ? በላህ?» ነው። መሐንዲሱ አንድ እሁድ ነገር ፍለጋ «ጆይስቲክ የሰነፍ ዕቃ ነው፤ እስከዛሬ ዝም ያልኩህ ላለማስቀየም ነው» ብሎ ለኮሰው። ወንድምየው ከጀርባው ሚስቱ የምትለውን እያዳመጠ «ልክ ሳትሆን አትቀርም» ብሎ ስልኩን ዘጋ። አይ ትዳር! ልክ ነህ መባል ሰውን እንዲህ ሆድ ያስብሳል ብሎ ማን ያስባል? መሐንዲሱ የዚያን ዕለት ልብሱን ሳይቀይር ተኝቶ ዋለ።

መሥሪያ ቤትም ያው ነው። ውሎው ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው፤ ማሽኖቹ እንዳይግሉ ክፍሉ ሁሌ ይቀዘቅዛል፣ እሱም በሞቃት ቀን ሹራብ ደርቦ ይገባል። ኔትወርክ ካልተቋረጠ በሩን የሚያንኳኳ የለም። ሲቋረጥ ደግሞ አንድ አንገት ብቅ ይልና «ተሠራ?» ይላል፤ «ተሠራ» ሲባል ይጠፋል። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ዕጣ ይኸው ነው፤ ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን ማንም አያስታውሰውም።

እንግዲህ ሰው ሲቸግረው የማያንኳኳው በር የለም፤ መሐንዲሱም በስልኩ አንድ የቴክኖሎጂ አፍቃሪዎች ግሩፕ ውስጥ ገባ። እዚያ ክርክር ሞልቷል። ፋይበር ይሻላል፣ ሽቦ አልባው ይሻላል፤ ይህ ጌም ድሮ ነበር እንጂ አሁን ገደሉት፤ ይህን ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው ጭንቅላቱ ይመርመር። መሐንዲሱ መጀመሪያ በትክክለኛው መንገድ ሞከረ። አንዱ «ማታ ማታ ኢንተርኔቴ ለምን ይንቀራፈፋል?» ብሎ ሲጠይቅ ቁጭ ብሎ ከሀ እስከ ፐ አስረዳው። ጠያቂው «አመሰግናለሁ» አለ፤ በቃ፣ ወሬው እዚያው ሞተ። በማግስቱ ቱርቦ የሚሉት አፈ ጮሌ ወጣት «ትልቅ ስክሪን የገዛ ሰው ኢንተርኔቱም ይፈጥናል» ብሎ ጻፈ፤ ግሩፑ በአንድ እግሩ ቆመ። ሲሰድቡት፣ ሲያርሙት፣ ሲያስረዱት ዋሉ። መሐንዲሱ ይህን አይቶ አንድ ነገር ገባው፤ ትክክል የተናገረ ምስጋና ያገኛል፣ የተሳሳተ ግን ሰው ያገኛል።

ስለዚህ ምን አደረገ መሰላችሁ? ከግሩፑ ወጣ፣ የድሮ ስሙን አጠፋ፣ «ጀማሪው» በሚል ስም ተመልሶ ገባ። የመጀመሪያ ጥያቄው «የራውተሬን ገመድ ስጠቀልለው ኢንተርኔቱ እየተጣመመ የሚቀንስ ይመስለኛል፤ ልዘርጋው እንዴ?» የሚል ነበር። ሳቁ ለጉድ ነው። ቱርቦ «ብትተኩሰው ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል» አለ። መሐንዲሱ ሶፋው ላይ ብቻውን እየሳቀ እያንዳንዱን መልስ ደጋግሞ አነበበ። ከወንድሙ ሠርግ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እንዲያ የሳቀበት ቀን አልነበረም።

ሌሎቹ ቀልደው ሲበተኑ አንድ ሰው ግን ቀሩ። በግሩፑ ስማቸው «ቀስ በቀስ» ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ነው ኮምፒውተር የተማሩት። ለብቻው ጻፉለት፦ «አንተ ልጅ፣ የሚስቁብህን ተዋቸው። እኔ ማውዝ መጀመሪያ የያዝኩ ቀን እንደ መሪ በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። ገመድ ቢጠቀለል ኢንተርኔት አይጣመምም። ለምን እንደማይጣመም ቀስ ብዬ ላስረዳህ።» አስረዱትም። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸ ነው፤ እሱ እኮ እንጀራው ነው። ነገር ግን የሚያውቀውን ነገር ከእሳቸው ሲሰማው ጣመው። «ጋሼ፣ አልገባኝም፤ ይድገሙልኝ» አለ፤ ደገሙለት።

ከዚያ ወዲህ መሐንዲሱ ከሥራ ሲመለስ የሚጠብቀው መልእክት አገኘ። «ትናንት ያልኩህን ሞከርከው?» ይሉታል። ጥያቄና መልሱ አንዳንዴ ለብቻቸው፣ አንዳንዴም በግሩፑ ፊት ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ እንደ ቤት ቁጥር ያለው አድራሻ እንዳለው ነገሩት፣ ስለ ይለፍ ቃል መከሩት፣ ከኪቦርድና ከጆይስቲክ የቱ እንደሚሻልም ተከራከሩት። መኪና የነዳ ሰው መሪ መሰል ነገር ካልጨበጠ አይጥመውም ብለው ድርቅ አሉ። ወሬው እንዳይቋረጥ መሐንዲሱ አንድ ብልሽት ፈጠረ፦ ባለ ሦስት አንቴናው ጥቁር ራውተሬ፣ ማታ ማታ ጌም ስጫወት በራሱ ጊዜ ይጠፋል አላቸው። እሳቸው ነገሩን ከልባቸው ያዙት። አንዱን ዘዴ ሲነግሩት «አልሠራም ጋሼ» ይላል፤ ሌላ ይፈልጋሉ። «ካቃተህ ደውልልኝ» ብለው ስልክ ቁጥራቸውንም ሰጡት። ድምፁ እንዳያጋልጠው ፈርቶ አንድም ቀን አልደወለም።

ጸጸት አልነበረውም አይባልም። በየቀኑ «ነገ እነግራቸዋለሁ» ይላል። ነገ ሲመጣ ደግሞ «ትናንት ያልኩህን ሞከርከው?» የሚለው መልእክት ይመጣል፤ አንጀቱን ይበላዋል፣ ዝም ይላል። ቢነግራቸው የሚያጣው ያችን መልእክት ነው። ከእሷ ሌላ ደግሞ ማንም የለውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግሩፑ በአንድ አዲስ ጌም ምስል ጥራት ተፋጦ ሳለ አንዲት ነርስ መሀል ገብታ ጻፈች። «ይቅርታ፣ ላቋርጣችሁ። ፎቶ የማስቀምጥበት ዲስክ አልከፈት አለኝ። ኮምፒውተሩ ፎርማት ካልተደረገ አይከፈትም ይላል። ውስጡ የሞተው አባቴ ፎቶዎች አሉ፤ ሌላ ቦታ የሉም።» ተከራካሪዎቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። «ቀስ በቀስ» ግን ወዲያው መለሱ። ጀማሪውን ማስተማራቸው የልብ ልብ ሰጥቷቸው ነበር፤ አሁን ለማንም መልስ የሚሰጡ ሰው ሆነዋል። «አይዞሽ ልጄ» አሉ። «እሺ በይው። ብቻ ‹ፈጣን› ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሺ። የቸኮለ ሥራ ደግ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ሲሠራ በደንብ ይጠግነዋል።»

መሐንዲሱ ይህን ሲያነብ ከሶፋው ብድግ አለ። ፎርማት ማለት መጥረግ ነው። ምልክቱ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ሲሠራማ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ነው የሚያጥበው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቢመጣ አንድ ፎቶ አያተርፍም። ለብቻቸው «ጋሼ፣ ያሉትን ያጥፉት፣ ተሳስተዋል» ብሎ ጻፈላቸው፤ አላዩትም። ነርሷ «እሺ፣ ልጀምር ነው» አለች። ሌላ አማራጭ አጥቶ በግሩፑ ላይ ጻፈ፦ «አትጀምሪ። ዲስኩን ንቀዪው። የአባትሽ ፎቶ ይጠፋል።»

ቱርቦ ቀደመ። «ገመድ ሲጠቀለል ኢንተርኔት ይጣመማል ያለን ሰውዬ ዛሬ የዲስክ ሐኪም ሆኖ መጣ» አለ። ሳቁ ወረደ። «ቀስ በቀስ» በለዘብታ ገቡ፦ «አንተ ልጅ፣ ይህን ሌላ ቀን አስተምርሃለሁ፤ አሁን ልጅቷን አታደናግራት።» ነርሷም «ማንን ልስማ? እጄ ማውዙ ላይ ነው» አለች።

ከነገሩ ጦም እደሩ ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። የማያውቃት ሴት ናት፣ የማያውቀው አባት ነው፤ ዝም ቢል ነገም «ትናንት ያልኩህን ሞከርከው?» ይባላል። መሐንዲሱ ይህን አስቦታል፤ አላሰበውም ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ ጻፈ፦ «እኔ ጀማሪ አይደለሁም። የኔትወርክና የሰርቨር መሐንዲስ ነኝ፤ ሥራዬ ይኸው ነው፣ ስጠይቅ የነበረውም ሁሉ ውሸት ነው። እህቴ፣ ንቀዪው። ፎቶዎቹን አብረን እናወጣቸዋለን።» ከዚያም ዲስኩ ለምን እንደዚያ እንደሚል፣ ፎርማቱ ምን እንደሚያደርግ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ነርሷ «ነቀልኩት» አለች።

እስኪመሽ ድረስ እየመራ አሠራት። መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ አስወሰዳት፣ ከዚያ ከቅጂው ላይ ፎቶዎቹን አስወጣት። አባትየው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ የሚያሳየውን የመጀመሪያውን ፎቶ ላከችለት፤ እያለቀሰች እንደሆነ ጻፈች፣ መረቀችው። ግሩፑ ውስጥ ደግሞ ጉድ ፈልቶ ነበር። ቱርቦ የጀማሪውን የድሮ ጥያቄዎች እየቆፈረ ያወጣል፣ የ«ቀስ በቀስ»ን ረጃጅም መልሶች ከሥር ከሥሩ ይለጥፋል፣ ሰው በሳቅ ይንከባለላል። መሐንዲሱ ስማቸውን ሲፈልግ አጣው፤ ከግሩፑ ወጥተዋል።

ለብቻው ግን አንድ መልእክት ልከውለት ነበር። «ፎቶዎቹ ተረፉ?» ይላል። «ተረፉ ጋሼ» አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን። በኔ ቢሆን የሰው አባት አጥፍቼ ነበር» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጽፈውን ሁሉ አላነበቡም። ይቅርታ ጻፈ፤ አላነበቡም። እሁድ ጠዋትም ስልኩን ሃያ ጊዜ አነሣ፣ አስቀመጠ። በመጨረሻ የማይደፍረውን ደፈረና ደወለ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ አንድ ጎርነን ያለ ድምፅ። ከጠበቀው በላይ ያረጀ ድምፅ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ጀማሪው።»

«ጀማሪ የሚባል ሰው አላውቅም» አሉ። ስልኩን ግን አልዘጉትም።

መሐንዲሱ ያለውን ሁሉ አወጣ። የወንድሙን ማግባት፣ የሶፋውን ባዶነት፣ «አመሰግናለሁ» እየተባለ ብቻውን መቅረቱን ነገራቸው። «ሊስቅብዎት የመጣ ሰው አይደለሁም። የሚያናግረኝ ሰው አጥቼ ነው» አለ።

«እኔስ?» አሉ። «እኔ ሰው ሞልቶ የተረፈኝ መሰለህ? ልጆቼ ስልኬን ከእጄ ነጥቀው፣ አስተካክለው፣ ‹እንካ አባዬ› ይሉኛል። አንድ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። ጠዋት ተነሥቼ መነጽሬን የማጠልቀው ላንተ የሚሆን መልስ ላነብ ነበር። ባለቤቴ ‹ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ ቁጭ አልክ?› ስትለኝ ‹ተማሪ አለኝ› እላታለሁ።»

«ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ ከእርስዎ ብዙ ነገር…»

«ተው፣ ግድ የለህም» አሉ፤ ቁጣ የለበትም፣ ቁጣ ቢኖርበት በተሻለ። ከወዲያ ማዶ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። «ያን ራውተርህን ልጄን አስፈልጌ፣ ያንተን ዓይነት፣ ባለ ሦስት አንቴናውን አስገዛሁት። ማታ ማታ አበራውና ፊቱ ቁጭ ብዬ እንዲጠፋ እጠብቃለሁ። ሲጠፋ ባየው ምክንያቱን አገኝልሃለሁ ብዬ ነው። አንድም ቀን አልጠፋም። እኔ ነኝ ያልገባኝ፣ አእምሮዬ ነው የደከመው ብዬ ስንት ቀን አዘንኩ መሰለህ። አሁንም በርቶ እዚህ ጠረጴዛው ላይ አለ። ምን ላድርገው?»

መሐንዲሱ አፉን ከፈተ። ስለ ራውተር ተጠይቆ መልስ ያጣበት ቀን ያ የመጀመሪያው ነው። እሳቸው ግን መልሱን እየጠበቁ ነበር።