የጽንሰታ ዕለት ውሃ

ቄስ አጥናፉ ጥርሳቸውን አላስነቅልም ያሉት ፈርተው አልነበረም። ደሙን አስበው ነው። ከአፉ ደም የሚፈስ ካህን ቤተ መቅደስ አይገባም፤ እሳቸው ካልገቡ ደግሞ በቦርደዴ ማርያም ቅዳሴ የለም። ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ቄስ ያስፈልጋል፤ ቦርደዴም ያሏት ሁለት ብቻ ናቸው፦ እሳቸውና ዓይናቸው የደከመው አባ ዳምጤ። ሦስተኛው ቄስ የቆላው ሙቀት አልስማማ ብሏቸው ወደ አገራቸው ከተመለሱ ቆይተዋል።

ስለዚህ ሐምሌ መጨረሻ ላይ የታችኛው መንጋጋቸው ሲነድ፣ ባለቤታቸው ዘርፈሽዋል እየጎተተች አሰበ ተፈሪ ስትወስዳቸው፣ ለጥርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የተናገሩት ይህንኑ ነው።

"ልጄ፣ መንቀል የሚባል ነገር የለም። ፍልሰታ ደርሷል።"

ሐኪሙ ዶክተር ፋሩቅ እዚያው አሰበ ተፈሪ ተወልዶ ያደገ፣ ሽማግሌ ማክበር የሚያውቅ ልጅ ነው። ፈገግ ብሎ "እሺ አባ፣ እንግዲያው ሥሩን አክመን ጥርሱን እናተርፈዋለን" አላቸው። ጥርሱን ከላይ ከፍቶ ነርቩን አወጣ፣ ሥሩን ጠረገ፣ መድኃኒት አደረገበትና ለጊዜው ደፈነው። ከዚያ ጓንቱን አውልቆ አጠገባቸው ተቀመጠ።

"አባ፣ ሥራው ገና አላለቀም። በሳምንቱ ይመለሳሉ። ይሄን መድኃኒት ጠዋት፣ ቀንና ማታ ይውጣሉ። ህመሙ ለቀቀኝ ብለው እንዳይተዉት። ነርቩ ስለወጣ ጥርሱ ከእንግዲህ አይጮህልዎትም፤ ሥሩ ግን ዝም ብሎ ሊያመረቅዝ ይችላል።"

"ጾም ነው እኮ ልጄ።"

"እኛም ረመዳን አለብን አባ። ለታመመ ሰው ይቀርለታል።"

"ጾሙማ ለእኔም ይቀርልኛል" አሉ ቄስ አጥናፉ። "ቅዳሴው ነው እንጂ።"

ሐኪሙ ይህን እንደ ጨዋታ ሰምቶ አለፈው። ዘርፈሽዋል ግን ልቧ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ዓመት አብራቸው ኖራለች፤ ሰውየው መቼ እንደሚቀልዱና መቼ እንደማይቀልዱ ታውቃለች።

በማግስቱ ህመሙ ድራሹ ጠፋ። ቄሱ በሁለቱም ጉንጫቸው እያኘኩ "ተመስገን፣ እመቤቴ ማረችኝ" አሉ። መቼም ሰው ህመሙ ሲለቀው ሐኪሙንም ይረሳል፤ ቄስም ቢሆን ሰው ነው። ጾሙ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ቀዳሽ ከመቀደሱ በፊት መድኃኒት ቀርቶ የውሃ ጠብታ በጉሮሮው አያልፍም፤ ቅዳሴው ደግሞ የሚያልቀው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናም የጠዋቱን ፍሬ ትተው፣ የቀኑን ትተው፣ ማታ ሦስቱን ባንድ ላይ ዋጥ ማድረግ ጀመሩ።

"እንደ ስግደት ተጠራቅሞ የሚከፈል መሰልዎት?" አለች ዘርፈሽዋል።

"ዋናው ሆድ መግባቱ ነው።"

ቀጠሮው ሲደርስም "ሱባኤ ትቼ የት እሄዳለሁ?" ብለው ቀሩ።

ከዚያ በዚያ ሙቀት ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ መጠምጠም አመጡ። ሊቀመጡ ሲሉ ገለጥ አድርጋ ብታይ አገጫቸው ሥር አብጧል። ሳይቃጠል በቅጠል እንሂድ ብላ ለመነቻቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብላ ተቆጣቻቸው። ቢብስባት "ለአባ ዳምጤ እነግራለሁ" አለች፤ አባ ዳምጤ ቢሰሙ ራሳቸው ባሏን ከቅዳሴ እንደሚያስቀሯቸው ታውቃለች። ቄሱም ያውቃሉ።

"ብትነግሪ አልወድሽም" አሉ። እንደ ልጅ ነው ያሉት። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዘርፌ፣ ሕፃናቱን አላየሻቸውም? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምራቃቸውን እየዋጡ ሊቆርቡ ይጠብቃሉ። በእኔ ጥርስ ምክንያት ባዶ ሆዳቸውን ልመልሳቸው? እስከ አሥራ ስድስት ብቻ ታገሺኝ።"

እሷም ታገሠች። ለዚህ ትዕግሥቷ ኋላ ራሷን ስትረግም ኖራለች።

የጽንሰታ ዕለት፣ እመቤታችን በተፀነሰችበት በነሐሴ ሰባት ጠዋት፣ ቄስ አጥናፉ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ በራፉን ይዘው ቆሙ። "ትንሽ ጋደም ልበል፤ ለቅዳሴው ቀስቅሺኝ" አሉ። ድምፃቸው አፉ ውስጥ ቂጣ የጎረሰ ሰው ድምፅ ነበር። አልጋው ላይ እንደወደቁ ሰውነታቸው ነደደ። ምራቃቸው በአፋቸው ጥግ ይወርዳል፤ መዋጥ አቅቷቸዋል። አገጫቸው ሥር ብትዳስስ እንደ እንጨት ደርቋል። ስትጠራቸው ዓይናቸውን ገለጡ፤ ያዩት ግን እሷን አልነበረም።

"ውሃ" አሉ።

ሌላ ሴት ብትሆን ሮጣ ትሰጥ ነበር። የቄስ ሚስት ግን አንዲት ጉንጭ ካለፈች የዚያ ቀን ቅዳሴ እንዳበቃ ታውቃለች። ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ማርጠብ ትችል ነበር። ጨርቁንም አንስታ ነበር። ከዚያ ሰውየው በትኩሳት እየነደዱ፣ ሰው ደግፏቸውም ቢሆን ተነስተው ቤተ መቅደስ እንደሚገቡ ታያት፤ እዚያም እንደሚወድቁ። ጨርቁን አስቀመጠችና ኩባያውን አነሳች።

አንገታቸውን ደግፋ ቀስ እያለች አጠጣቻቸው። ግማሹ ፈሰሰ፣ ግማሹ ወረደ። ሲወርድ በዓይኗ አየችው። ኋላም ደንግጬ ነው አላለችም። ሆን ብላ ነው።

ውሃው ነፍስ ዘራባቸው። ኩባያውን አዩ፤ ከዚያ እሷን።

"ምንድን ነው ያጠጣሽኝ?"

"ውሃ።"

"ተቀድሷል?"

"ገና ነው።"

"አስገደፍሽኝ" አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዘርፈሽዋል ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረደች። ቅጥሩ ውስጥ ልጆቹ ነጫጭ ለብሰው በዛፉ ጥላ ተደርድረዋል፤ አንዷ ከረሃቧ ብዛት እናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ላለማየት ብትሞክርም አየቻቸው። አባ ዳምጤ ስትጠራቸው በድምፅዋ ለይተዋት መስቀላቸውን አወጡ፤ እሷ ግን አልተሳለመችም።

"አባ፣ ቄስ አጥናፉ አይቀድሱም። ገድፈዋል።"

"ምነው? አውቀው?"

"እሳቸውስ አላወቁም። በትኩሳት ውሃ ሲሉ እኔ አጠጣኋቸው። እኔ አውቄ ነው።"

ሽማግሌው ነፍስ አባቷም ናቸው፤ የምትናገረው ንስሐ ይሁን ወሬ ለመለየት የቸገራቸው ይመስላሉ። በመጨረሻ "ሂጂ፣ አሳክሚያቸው" አሉ። "ስለ ሌላው ስትመለሺ እንነጋገራለን።" መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ሕዝቡ ሲዞሩ፣ የሚሉትን ሳትሰማ ወጣች።

ጫት ሊጭን ባዶውን ወደ ላይ የሚወጣው የጎረቤታቸው የሙሜ አይሱዙ ባይገኝ ምን ይውጣት ነበር? በዚያ መንገድ ከጫት መኪና የሚፈጥን የለም። "አብሽሪ አዴ ዘርፌ፣ እናደርሳቸዋለን" እያለ ሙሜ ነዳው። ቄሱ በሁለቱ መካከል ተቀምጠው እስከ አሰበ ተፈሪ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ዶክተር ፋሩቅ ሲያያቸው ፊቱ ተለወጠ። ተሯሩጦ የደፈነውን ከፈተ፣ አገጫቸው ሥር ያለውን ሰንጥቆ መግሉን አወጣ፣ መርፌ ወጋቸው፤ ሆስፒታልም ደውሎ አልጋ አስያዘ። ከዚያ ዘርፈሽዋልን ወደ ጎን ጠራት።

"እብጠቱ ወደ መተንፈሻቸው እየወረደ ነበር። እስከ ማታ ብትቆዩ ወላሂ እኔ እንጃ። ጥርሱን ገና አላውቅም፤ እሳቸው ግን ይተርፋሉ።"

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ከዛፉ ሥር የተኛችው ልጅ ግን ከዓይኗ አልጠፋ አለች።

ነርሷ ውሃ በኩባያ አምጥታ "አባ፣ ሰውነትዎ ደርቋል፣ ትንሽ ይጠጡ" አለቻቸው። ቄስ አጥናፉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነርሷ ደገመች፤ እምቢ አሉ። ዘርፈሽዋል በሩ ጋ ቆማ ታያቸዋለች። ከእንግዲህ ከሰው እጅ ውሃ ላይቀበሉ ነው ብላ አሰበች።

ቄሱ በእጃቸው ጠቀሱ፤ ኩባያውን ሳይሆን ዘርፈሽዋልን።

"አንቺ አጠጪኝ" አሉ፣ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። "የጠዋቱንም ጨምሪበት። አሁን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ፣ እያወቅሁ ልጠጣው፤ ኃጢአቱን ብቻሽን አትሸከሚም።"

ብዙው ጺማቸው ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ዋጡት።