የጥላው ሰልፍ

በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ሥራ ፈላጊ የማያጣው አንድ የመንግሥት ግቢ አለ። በዚያ ግቢ ሰልፉ ሁለት ነው። አንዱ ከኒም ዛፎቹ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ነው፤ እሱ የዘማቾች ነው። ሌላው ፀሐይ ላይ ነው፤ እሱ የቀረው ሕዝብ ነው። ሥራ ሲወጣ ሙዲሩ፣ ማለትም የቅጥሩ ኃላፊ፣ በጥላው ሰልፍ ራስ ላይ የቆመውን ይጠራል። ወደ ፀሐዩ የሚዞረው ጥላው ተሟጦ ሲያልቅ ነው። ጥላው ደግሞ አያልቅም። ጦርነቱ ከአካባቢው ከራቀ ወዲህ የዘማቹ ቁጥር ያኔ ሲዋጋ ከነበረው በልጦ ተገኝቷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ሪሃብ ያን ዕለት ጠዋት ማንንም ሳትጠይቅ ጥላው ውስጥ ገብታ ቆመች። የወጣው ሥራ የመድኃኒት መጋዘን ጠባቂነት ነው፤ ደመወዝ አለው፣ ጡረታ አለው፣ ከሁሉም በላይ የራሱ ቁልፍ አለው። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ከጎንደር በመጣው በእናቷ ወንድም በአኑዋር ሱቅ ምስር ስትሰፍር ያደገች ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ እሷና እናቷ ዘኪያ የሚያድሩት ከዚያው ሱቅ ጓሮ ነው፤ የሚበሉት የአኑዋርን ነው፣ የሚሰሙትም የአኑዋርን ነው። የበሩ ቁልፍ እንኳ በአኑዋር ወገብ ላይ ነው የሚውለው። ከዚያ ሱቅ ለመውጣት ያላት መንገድ ይህ ሥራ ብቻ ነበር።

ሰልፈኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ፀሐዩን በአገጩ እያሳየ፣ «እኅቴ፣ የናንተ ወዲያ ነው» አላት።

«የኛ የምትለው የማንን ነው? እኔ ዘማች ነኝ።»

ሳቁ። ሳቁን ሰምቶ ሙዲሩ ከጠረጴዛው ቀና አለና በዐረብኛ ጠራት።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ የት ዘመትሽ?»

«መፋዛ። ራሃድ ወንዝ ዳር።»

«ጠመንጃ ይዘሽ ነበር?»

«አልያዝኩም። እጄ ሙሉ ነበር።»

«በምን?»

«በቁስለኛ።»

ሙዲሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰለቸው ሰው ነበር፤ የሰለቸው ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ይብሳል። «ልጃገረዶቹ በትምህርት ቤቱ ሜዳ በዱላ ሲሠለጥኑ እኔም አይቻለሁ» አላት። «ዱላ መወዝወዝ መዝመት አይደለም። አብሮሽ የነበረ ሰው ካለ አምጪና ይመስክር። ከሌለ ፀሐዩ ሰፊ ነው።»

አብሯት የነበረ ሰው! የቁስለኛ አንሺዎቹ መሪ እዚያው መፋዛ ተቀብሯል። ጓደኞቿ ጦርነቱ በትኗቸዋል። ከተሸከመቻቸው ቁስለኞች ገሚሱ አፈር ለብሷል፣ ገሚሱ ወደ ከሰላ ሆስፒታል እንደሄደ ቀርቷል። አንድ ብቻ እዚህ አለ፤ እሱም ከፊቷ በጥላው ራስ ላይ፣ ምርኩዙን ተደግፎ የቆመው ስማቸው የሚባል ልጅ ነው።

ስማቸው ግንደ ትልቅ ወጣት ነው። አባቱ ሰሊጥ ሊያጭድ ከአርማጭሆ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው፤ እሱ ገዳሪፍ ተወለደ፣ ገዳሪፍ አደገ፣ ጥሪው ሲመጣም እንደ አገሩ ልጅ ዘመተ። ቀኝ እግሩ አይታጠፍም። ሪሃብ ግቢው ከመድረሷ በፊት፣ ከተመታ በኋላ በደረቱ እየዳኸ ብቻውን እንዴት ከእሳት እንደወጣ ለሰልፈኛው እያወራ ነበር። አሁን ግን ጫማውን ነው የሚያየው። ሪሃብ ቀና እስኪል ጠበቀችው። ቀና አላለም። እሷም አልጠራችውም፤ ቶቧን፣ የተጠቀለለችበትን ረጅም ልብስ፣ ሰብስባ በፀሐዩ ሰልፍ አጠገብ ሳትቆም አለፈችና ወጣች።

አኑዋር ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሶት ነበር። «ምን አስኬደሽ?» አላት ሚዛኑን እየወለወለ። «ጦርነቱ አለፈ፣ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ ምን አለበት? ወይ ደግሞ ሥራውን ካልሽ፣ ሂጂና ጎረቤታችንን ስማቸውን ለምኚው። ሰው ነው፣ ይራራልሻል።»

«ይራራልኛል?» ሪሃብ የያዘችውን መስፈሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ማስቀመጥ ከተባለ። «ያ ኻሊ፣ አጎቴ፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ! ማሽላው እየነደደ፣ እሱ እናቱን እየጠራ፣ ቶቤን ቀድጄ ጭኑን አስሬ፣ አዝዬው ነው የወጣሁት። እሱ ነው እኔን መለመን ያለበት። አልለምነውም፣ ወላሂ አልለምነውም!»

«ታዲያ ማን ያምንሻል?»

ያንገበገባት ይኼው ጥያቄ ነው። ጥይቱን አልፋዋለች፣ እሳቱን አልፋዋለች፤ የማታልፈው የአንድ ሰው ዝምታ ሆነ። ወደ ጓሮ ገባችና አለቀሰች፤ ከኀዘን ይልቅ ከንዴት ነው ያለቀሰችው።

በዚያው ሰሞን የስማቸው እናት ኮከብ ስለቷን አስገባች። ልጄን በሕይወት ከመለስክልኝ ሕዝብ አበላለሁ ብላ ለሚካኤል ተስላ ነበር። ኮከብና ዘኪያ የአንድ ግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ ስለዚህ ኮከብ እንደ ጎንደር ወግ ከትልቁ ዳስ አጠገብ ለሙስሊም ጎረቤቶቿ ሌላ ትንሽ ዳስ አስጥላ፣ የነሱንም ፍየል የሚባርክ ሙስሊም ጠርታ አሳረደች። ሪሃብ አልሄድም ብላ ነበር፤ እናቷ ናት የጎተተቻት። «ኮከብ ምን አደረገችሽ?» አለቻት። እውነትም ኮከብ ምንም አላደረገቻትም።

ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። ከሰዓቱ እየበረደ ሲመጣ ትልቁ ዳስ ውስጥ ፉከራ ተጀመረ። ዳኛው ሽማግሌው አየነው ናቸው። እኚህ ሰው መንግሥት ወድቆ ጦሩ ሲበተን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የተሻገሩ አሮጌ ወታደር ናቸው፤ እሳቸውን መዝመታቸው በየትኛውም አገር ሰልፍ ከማንም አስቀድሟቸው አያውቅም። ስማቸው ጓደኞቹ ሲገፉት ምርኩዙን እንደ ጠመንጃ አነሣና ወደ መሐል ገባ።

«ዘራፍ የኮከብ ልጅ፣ የማሽላው ነብር፣
በደረቱ ዳኸ እግሩ ቢሰበር፤
ማንም ሳይደግፈው፣ ማንም ሳያነሣ፣
ብቻውን ተነሣ እንደ ቆላ አንበሳ!»

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። በትንሹ ዳስ ውስጥ ሪሃብ ጉርሻዋን ወደ ሳህኑ መለሰች።

እዚህ ላይ ስለ ፉከራ አንድ ነገር መናገር ይገባል። ፎካሪ ጥቂት ጨው ቢጨምር ማንም አይቆጣውም፤ ያለ ጨው ምኑ ይበላል? ግን አብሮት የዋለ ሰው እዚያው ከተቀመጠ፣ ያ ሰው ወይ «እውነት ነው!» ብሎ ያጸድቅለታል፣ ወይ ተነሥቶ የራሱን ይፎክራል። ዝም ካለ ውሸቱ የሁለቱም ይሆናል። ስማቸው ይህን አጥቶት አይደለም። የዘኪያ ልጅ፣ ያውም ሴት፣ ያውም ከዚያኛው ዳስ፣ ትነሣለች ብሎ አላሰበም እንጂ።

ተነሣች። እናቷ የቶቧን ጫፍ ይዛ ነበር፤ ጫፉ እናቷ እጅ ላይ ቀረ እንጂ እሷ አልቀረችም። ሁለቱን ዳሶች የሚለየውን መጋረጃ ገልጣ ገባችና መሐል ላይ፣ ከስማቸው ፊት ቆመች። ጠመንጃ የላት፣ ዱላ የላት፤ ባዶ እጇን ነው ያነሣችው።

«ዘራፍ የዘኪያ ልጅ፣ የምስር ሰፋሪ፣
ጠመንጃ ሳትይዝ ጥይት ተሻጋሪ፤
ልጅ አዝላ የማታውቅ፣ ገና ልጃገረድ፣
ጀግና አዝላ ወጣች ማሽላው ሲነድ!»

እልል ያለ የለም። አየነው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ስማቸው ልጄ፣ ይቺ ልጅ የፎከረችው እውነት ነው?»

ስማቸው አሁንም ጫማውን አየ። አንድ ሰው «ተይ እንጂ፣ የሰው ድግስ አታበላሺ!» ሲል ኮከብ ከጓዳ መጣች፤ የታጠፈ ቢጫ ጨርቅ ይዛለች። ታጥቧል፣ ደሙ ግን ቡናማ ሆኖ ቀርቷል።

«ይኼን ከጭንህ የፈታሁት እኔ ነኝ» አለችው ልጇን። «መንገድ ላይ አገኘሁት አልከኝ። የሴት ቶብ በማሽላ መሐል ወድቆ እንደማይገኝ እኔ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩ። ሚካኤልን ያመሰገንኩት ለሕይወትህ ነው፣ ለውሸትህ አይደለም። ንገረን፣ ማን ነው ያወጣህ?»

ስማቸው ምርኩዙ ላይ ተንጠለጠለ። «እሷ ናት» አለ። «በሴት ጀርባ ወጣሁ ማለት ከጥይቱ በልጦ አመመኝ፤ አፈርኩ።»

«እንግዲያ ነገ እዚያው የዋሸህበት ቦታ ሄደህ እፈር» አሉት አየነው። «እዚህ ለኛ ብታፍርላት ምን ይጠቅማታል?»

በማግስቱ፣ የመጋዘኑ ሥራ ገና ለማንም ሳይሰጥ፣ ሪሃብና ስማቸው አንድ ላይ ግቢው ገቡ። አኑዋር እንደ ጠባቂም እንደ ሰላይም ሆኖ ከኋላ ተከተላቸው፤ የወሬው ሽታ የጠራው ሰፈርተኛም አጥሩን ሞላው። ስማቸው በጥላው ራስ ላይ አልቆመም፤ ከሪሃብ ጋር ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ እንዲሰማለት ጮክ ብሎ፣ በዐረብኛ መሰከረ። በደረቴ ዳኽሁ ያልኩት ውሸት ነው፣ እሷ ናት የተሸከመችኝ አለ።

ሙዲሩ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየ። «ያኔ ዳኽሁ፣ ዛሬ ታዘልኩ፤ ነገ ደግሞ በረርኩ ትለኛለህ። ለመሆኑ ይቺ ልጅ፣ ይኼን ግንድ? ሐበሻ ለሐበሻ ይመሰክራል፤ ኸላስ፣ አበቃ፣ ሂዱ።»

ጥላው ሳቀ። ስማቸው ሊከራከር አፉን ሲከፍት ሪሃብ እጇን አነሣችበት። መከራከር በቅቷታል። ቶቧን ወገቧ ላይ ቋጠረች፣ ጀርባዋን ሰጠችው፣ በጉልበቷ ተንበረከከች።

«ና ውጣ።»

«ሪሃብ፣ እዚህ?»

«እዚህ። ያኔ ስትወጣ አልጠየቅከኝም።»

«ያ ሪሃብ!» ብሎ ጮኸ አኑዋር ከበሩ። «ዐይብ ነው፣ ነውር ነው! የሰው ወንድ! ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ እያየ ነው፣ ያ ኻሊ። የሚለውን ይበል። ዐይቡ ጥዬው መጥቼ ቢሆን ነበር!»

ስማቸው ሰልፈኛውን አየ። እስከ ትናንት እንደ ነብር ያዩት ዓይኖች ሁሉ እዚያው ናቸው። ያን ጊዜ በሕመም ደንዝዞ ነው የታዘለው፤ አሁን ግን ልቡ እያወቀ ነው የሚታዘል። ምርኩዙን መሬት ላይ ጣለና በአንገቷ ዙሪያ እጁን አሳለፈ።

ሪሃብ አዝላው ተነሣች። አንዴ ወደ ጎን ዘመመች፤ አንዱ ሊይዛት ሲራመድ «እንዳትነካኝ!» አለችው። ከዚያ ሄደች። የማይታጠፈው እግር ከጎኗ እንደ ሞፈር ተገትሮ፣ ላቧ በቅንድቧ እየወረደ፣ ከፀሐዩ ተነሥታ በሙዲሩ ጠረጴዛ ፊት አለፈች። መጀመሪያ ላይ የሚስቁ ነበሩ። መሐል ላይ ስትደርስ ሳቁ የለም። ከአጥሩ ውጪ የሰሊጥ ጆንያ የሚጭኑ የጎንደር ልጆች ሸክማቸውን አውርደው ቆመው ነበር፤ አንዱ «አይዞሽ፣ የእናቴ ልጅ!» አለ፤ ከወዲያ ማዶ ደግሞ የኮከብ እልልታ ተሰማ።

ጥላው ውስጥ ገባች። ሰልፈኛው መንገድ ለቀቀላት። በሰልፉ ራስ ላይ ስማቸው በጤነኛው እግሩ ቆሞ ወረደላት፤ ወይም እሷ አወረደችው። ትንፋሿ እስኪመለስ ወገቧን ይዛ ቆየችና ወደ ሙዲሩ ዞረች።

«ያኔ እንዲህ ቀስ ብዬ አልሄድኩም» አለችው። «ይተኮስብን ነበር።»

ሙዲሩ ከጠረጴዛው ተነሣ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። ሲናገር ድምፁ የሰለቸው ሰው ድምፅ አልነበረም።

«በጥላው ቀድሞ የቆመው ማን ነው?»

ስማቸው ሥራውን እንደሷው ይፈልገው ነበር፤ የእናቱ ቤትም በጸሎት ብቻ አይቆምም። ቢሆንም አንድ ሰው ያቀበለውን ምርኩዝ ተደግፎ ከኋላዋ ቆመ።

«እሷ ናት» አለ። «ያን ጊዜም እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ቀጣዩ ሥራ ሲመጣ ትጠሩኛላችሁ።»

ሙዲሩ ብዕሩን አነሣ። «ስምሽ ማን ነው?»

ሪሃብ የቋጠረችውን ቶብ ፈታች። አኑዋር በሩ ላይ ቁልፉን በወገቡ ይዞ እንደቆመ ነበር፤ አየችው፣ ዓይኗንም አልሰበረችም። ከዚያ መዳፏን ሙዲሩ ፊት ዘረጋች።

«ስሜን ኋላ ትጽፈዋለህ» አለችው። «ቁልፉን አምጣ።»