የወልደ ማርያም ጁዋን

ወልደ ማርያም ሰው የሚመዝነው በአንድ ቃል ነበር። በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ ውሃና ዘይት እንዳያፈተልኩ የሚያሽገውን ስስ ነገር፣ ባቡር ጥገና ውስጥ ፈረንሳዮች ያስተማሯቸው ሰዎች «ጁዋን» ይሉት ነበር። እሱም ከእነሱ ተቀብሎ እስከ ጡረታው ጁዋን አለ። «ጓርኒሲዮን» የሚለውን የአዲስ አበባ ሾፌር ነው ብሎ ያልፈዋል። «ጋስኬት» የሚለውን ግን ሰው ብሎም አይቆጥረውም።

ታዲያ የመጋላ ሰፈሯ የሃዎ ወፍጮ ሞተር ውሃ እያፈሰሰ ሲቆም፣ ከሳቢያን ሰፈር የመጣው መካኒክ ይሳቅ «ጋስኬቱ ብቻ አይመስለኝም» ሲል ወልደ ማርያም ገና ከበሩ ሳቀበት። ሃያ ዓመት ይህን ሞተር ያከመው እሱ ነው፤ ሃዎ ግን ሳትነግረው የኮሌጅ ምሩቅ ጠርታለች። ይባስ ብሎ ምሩቁ የሞተሩን ክዳን አውርዶ፣ የብረት ማስመሪያ አጋድሞበት፣ በስልኩ መብራት ከሥሩ ያያል።

«ደብተርህንስ የት ጣልከው?» አለው ወልደ ማርያም። «ሞተር በማስመሪያ ሲታከም ገና ዛሬ አየሁ።»

«ክዳኑ የተጣመመ መስሎኝ ነው ጋሼ።»

«የዕቃውን ስም የማያውቅ በሽታውን ከየት ያውቃል? የተቃጠለው ጁዋኑ ነው። ጁዋኑ!» ወደ ሃዎ ዞረ። «እስከ ነገ ካላስነሳሁልሽ ዳግመኛ እዚህ ደጅ አልረግጥም።»

ሃዎ ግቢዋ ውስጥ የተደረደረውን የማሽላ ጆንያ አየች። «አቦ፣ እሠራለሁ ካልክ ሥራው። ነገ ካልተነሳ ግን እሱ ነው የሚሠራው፤ ከዚያም ወዲያ እሱ ነው።»

እጁስ እጅ ነው፣ ማንም አይክደውም። የመዳብ ላሜራ ከቤቱ አምጥቶ፣ ከሰል ላይ አግሎ ውሃ ውስጥ ነክሮ አለሰለሰና በመዶሻ ጠርዙን እየኮረኮረ ልክክ ያለ ጁዋን አወጣ። እየቆረጠ ይሳቅን ሰደበ፣ ኮሌጁን ሰደበ፣ ጋስኬት የሚል ባለሱቅን ሁሉ ሰደበ። ክዳኑን ግን አንዴም ገልብጦ አላየውም። ማስመሪያ ያረፈበትን ብረት መመርመር ውርደት መሰለው።

በማግስቱ ጠዋት ሃዎና ይሳቅ እያዩት ገጠመው፣ ቡሎኖቹን አጠበቀ፣ ሞተሩም ተነሳ። ሃዎ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ሳትጨርስ፣ ከክዳኑ በግራ በኩል ውሃ ተፈናጥሮ የወልደ ማርያምን ሸሚዝ አራሰው።

ማንም አልሳቀበትም። ቢስቁበት ይሻለው ነበር። ይሳቅ ሞተሩን አጠፋ፣ ክዳኑን ፈታ፣ ማስመሪያውን አጋድሞ የስልኩን መብራት አበራና እንዲያይ ቦታ ለቀቀለት። ወልደ ማርያም ጎንበስ ብሎ አየ። ከማስመሪያው ሥር ብርሃኑ ወለል ብሎ ያልፋል። ክዳኑ ተጣሟል።

«ቶርኖ ቤት አስልጌ አስተካክዬው እመጣለሁ» አለ ይሳቅ። ከዚያ መዳቡን በጨርቅ ጠርጎ በሁለት እጁ አቀረበለት። «እስክመለስ ጁዋኑን ያዝልኝ ጋሼ። ጥሩ ጁዋን ነው።»

ጁዋን አለው። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲንቅበት የኖረውን ቃል፣ ለሚያለቅስ ሕፃን ከረሜላ እንደሚሰጥ ሰው መለሰለት። ወልደ ማርያም ሰው መናቅን አሳምሮ ያውቃል፤ ሲታዘንለት ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። መዳቡን ተቀበለና ወጥቶ፣ ይሳቅ እስኪመለስ ሊጠብቅ መንገዱ ላይ ቆመ፤ ደጁን እንደሆነ አልረግጥም ብሏል።