ሦስት ጊዜ የተዛወረ ቁልፍ

ልብስ ሰፊው የሸሚዙ ኮሌታ ሲያንቀው ጥፋቱን በጨርቁ ላይ አላከከ። ጨርቅ ሲታጠብ እንደሚሰበሰብ አርባ ዓመት ሙሉ ለደንበኞቹ ሲያስረዳ የኖረ ሰው፣ ያበጠው የገዛ አንገቱ መሆኑን በምን ይጠርጥር? ቁልፉን ፈትቶ ወደ ጠርዙ አስጠጋው። ሰንበትበት ብሎ ደግሞ አስጠጋው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዛውረው ግን ክሩን በጥርሱ እስኪበጥስ ድረስ እንኳ ትንፋሽ አጠረው።

በጀርባው ከተጋደመ ሁለት ወር ሆኖታል። ጋደም ሲል ስለሚታፈን፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩን በስፌት መኪናው ላይ ደፍቶ ያሸልባል። ሚስቱ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን ታፋጥጠው ነበር። አንድ ልጁ የምትኖረው ሩቅ ነው፤ በየእሑዱ ስትደውል «ደህና ነኝ» ይላታል፤ እሷም «ተመስገን» ብላ ትዘጋለች።

ሆስፒታል የሄደው ብቻውን ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?» ሲባል «ካለፈው ሳምንት» አለ፤ ከአፉ የሚቀድመው የለመደው ነው።

ሐኪሟ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አሳርፋ ዐይኗን ጨፈነች። የልቡ ምት ከወፍራም ግድግዳ ማዶ የሚመጣ ያህል ራቀባት። የደም ግፊቱ ወርዷል፤ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሯል። እዚያው አንገቱ ሥር፣ በሸሚዙ ላይ የቀሩትን የመርፌ ቀዳዳዎች አየች።

«አባባ፣ ይህን ቁልፍ ማን አዛወረው?»

«እኔው ነኛ! የገዛ ሸሚዜን ለማን እሰጣለሁ?»

«መጀመሪያ ያዛወሩት መቼ ነው?»

አሰበ። «የአንድ ሙሽራ ሱፍ ስሰፋ… ሁለት ወር አለፈው» አለ። ውሸቱ እንደተነቃበት ገብቶታል።

ሐኪሟ አልገሠጸችውም፤ አልትራሳውንዱን ጎተተች። በስክሪኑ ላይ ልቡ ጥቁር ውኃ መሃል ሲወዛወዝ አሳየችው። «በልብዎና በሽፋኑ መካከል ውኃ ሞልቶ ልብዎን ጨምቆታል። በመርፌ እንቀዳዋለን፤ አሁኑኑ።»

መርፌውን ሲያይ ዐይኑ ፈጠጠ። «ይቺ ደግሞ መርፌ ናት? ይሄ እኮ የፍራሽ መስፊያ ነው!»

መርፌውን ያቀረበው ነርስ ሳቀ። «ዕድሜ ልክዎን ጨርቅ ሲወጉ ኖረው ዛሬ አንዴ ቢወጉ ምን አለበት፣ ጋሼ?»

«የልጄን ድምፅ ሳልሰማ አልወጋም።»

ደወለ፤ አልተነሣም። ደገመ። «ሥራ ላይ ናት» አለ፣ የከሰሳት ሰው ሳይኖር። በሦስተኛው ጥሪ ከንፈሩ መጥቆር ጀመረ።

«አባባ፣ ከዚህ በላይ ከቆየን ልብዎ ሊቆም ይችላል» አለች ሐኪሟ ዝቅ ብላ። «እኔ አጠገብዎ ነኝ።»

በተከፈተው በር በኩል የአስታማሚዎች አግዳሚ ወንበር ይታያል። ቤተ ዘመድ ተጠጋግቶ ሞልቶታል፤ ለእሱ ብሎ የተቀመጠ ግን አንድም አልነበረም። ሐኪሟን «ብሞት ለማን ትነግሪያለሽ?» ሊላት አሰበና ተወው። የስምምነቱን ወረቀት ራሱ ፈረመ።

ከወገቡ ቀና አድርገው ከደረቱ አጥንት ሥር አደነዘዙት። ሐኪሟ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል መርፌውን ሰደደች፤ ጭድ የመሰለ ቢጫ ውኃ ተከትሎ መጣ። ጥቂት እንደተቀዳ አየሩ እስከ ሆዱ ድረስ ወረደለት። መተንፈስ ይህን ያህል ቀላል እንደነበር ረስቶት ኖሯል።

«መንስኤውን ምርመራው ይነግረናል፤ ውኃው እንዲወርድ ያስገባነው ቱቦ ጥቂት ቀን ይቆያል» አለችው። «ስንጨርስ ግን ባዶ ቤት አልሰድዎትም።»

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። «አባዬ! ሦስት ጊዜ ደውለሃል፤ ደህና ነህ?»

«ደህ…» አለና ቃሉን ዋጠው። «አይደለሁም፣ የኔ እናት። ልቤን ውኃ ከቦት ነበር። ሁለት ወር ተቀምጬ ነው የማድረው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነይ» አላት። ይህን ቃል ብሏት አያውቅም።

«ፈቃድ ልጠይቅ… መቼ እንደሚሰጡኝ ግን አላውቅም፣ አባዬ።»

«ጠይቂ እስቲ።»

ስልኩ ተዘጋ። የጎረቤቱን አልጋ ጠያቂዎች ከበውት ይንጫጫሉ። እሱም በጀርባው እንደተንጋለለ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ ዛሬ እንደማትደርስ እያወቀ፣ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ቀና ይል ጀመር።